ሱፐርቻርጀር ከመገጠሙ በፊት፦ የማዝዳ ኤምኤክስ-5 ፍሪሲዮንና ዲፈረንሻል አዘገጃጀት

ባለ 1.6 ሊትሯ የመጀመሪያ ትውልድ ማዝዳ ኤምኤክስ-5፣ አሜሪካ ያሉት ሚያታ የሚሏት፣ ከፋብሪካ ስትወጣ ወደ 115 የፈረስ ጉልበትና ወደ 135 ኒውተን ሜትር ቶርክ (የማዞር ኃይል) ነበራት። ከሞተሩ እስከ ኋላ ጎማ ያለው ዕቃ ሁሉ የተለካው ለዚያ ጉልበት ነው። ኢተን ኤም45ን የመሰለ ሱፐርቻርጀር፣ ማለትም አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ፣ ሲገጠምላት ሞተሩ ራሱ፣ ነዳጁና የማቀጣጠያ ሰዓቱ በትክክል ከተስተካከለለት፣ ለስላሳ ቡስት (ተጨማሪ የአየር ግፊት) ይችላል። ጣጣው ያለው ከሞተሩ ጀርባ ነው። ሞተሩን ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ጋር የሚያገናኘውና የሚያላቅቀው ፍሪሲዮን ካረጀ መንሸራተት ይጀምራል፤ ፍሪሲዮኑ ሲጠናከር ደግሞ ጭነቱ አይጠፋም፣ ጉልበቱን ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች ወደሚያከፋፍለው ትንሽ ዲፈረንሻል ያልፋል።

ብዙ ሰው መጀመሪያ ሱፐርቻርጀሩን ይገጥማል፣ ፍሪሲዮኑ ሲንሸራተት ጠንካራውን ይገዛል፣ ከዚያ ዲፈረንሻሉ ሲሰበር ሦስተኛ ጊዜ መኪናዋን ያነሳል። የሚንሸራተት ፍሪሲዮን ለዲፈረንሻሉ እንደ ፊውዝ ነው፤ ፊውዙን አጥብቆ ሽቦውን እንደነበረ መተው ስህተት ነው። ስለዚህ ሥራው ከኋላ ወደ ፊት ይታሰብ፦ ዲፈረንሻል፣ ከዚያ ፍሪሲዮንና ሃይድሮሊኩ (ፔዳሉን ከፍሪሲዮኑ ጋር የሚያገናኘው የፈሳሽ መስመር)፣ በመጨረሻ ሱፐርቻርጀሩ። ካምቢዮው አንዴ ከወረደ ሁሉንም በአንድ ጊዜ መጨረስ ይቻላል።

ስንት ቶርክ ይመጣል?

ፍሪሲዮን የሚያንሸራትተው ቶርክ ነው፣ የፈረስ ጉልበት አይደለም። ሁለት መኪኖች እኩል የፈረስ ጉልበት እያላቸው አንዷ ፍሪሲዮን ስትበላ ሌላዋ ላትበላ ትችላለች።

ኤም45 ሩትስ የሚባለው ዓይነት ነው፤ በአንድ ዙር ወደ 0.74 ሊትር አየር ይገፋል፣ ዙሩ ዝቅ ሲልም ቡስቱ አለ። ከ2500 ዙር ጀምሮ ሙሉ ቶርክ ስለሚመጣ ፍሪሲዮኑ የሚፈተነው ከፍ ባለ ማርሽና በዝቅተኛ ዙር፣ አቀበት ላይ ነዳጅ ሲረገጥ ነው። ሮትሬክስን የመሰለው ሴንትሪፉጋል የሚባለው ዓይነት ግን ቡስቱን ከዙሩ ጋር ቀስ እያለ ያሳድጋል። የመጨረሻው የፈረስ ጉልበት ቢበልጥ እንኳ ለካምቢዮና ለዲፈረንሻል ይራራል። ለሩትስ ሲዘጋጁ በዝቅተኛ ዙር የሚመጣውን ቶርክ ያስቡ።

የግምት ሒሳቡ ቀላል ነው። በ0.4 ባር ቡስት ሞተሩ የሚውጠው አየር በወረቀት ላይ 1.4 እጥፍ ይሆናል፤ 135 በ1.4 ሲባዛ 189 ኒውተን ሜትር ነው። አየሩ ሲታመቅ ስለሚሞቅና ሱፐርቻርጀሩን የሚያዞረው ቺንጋ ራሱ ጉልበት ስለሚወስድ በተግባር ከ165 እስከ 180 ማሰብ ይበቃል። ከዚህ በኋላ 175ን እንያዝ። ፍሪሲዮን ሲመረጥ በዚህ ላይ 30 በመቶ መጠባበቂያ ይጨመራል፦ ወደ 228 ኒውተን ሜትር።

እዚህ ላይ ደጋ ለሚኖሩ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ኮሎራዶ ውስጥ ዴንቨር፣ ብዙ ወገኖቻችን ያሉባት ከተማ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1600 ሜትር ናት፤ የአየር ግፊቱ ወደ 83 ኪሎፓስካል ይወርዳል፣ ባሕር ዳርቻ ላይ ግን 101 ነው። እዚያ ዳይኖ (የጉልበት መለኪያ ማሽን) ላይ የተለካ ቶርክ ወደ ካሊፎርኒያ ዳርቻ ሲወረድ ወደ 20 በመቶ ሊያድግ ይችላል። ፍሪሲዮኑ የሚመረጠው ለባሕር ጠለሉ ቁጥር ነው።

የ1.6ቱ ፍሪሲዮን ለምን አይበቃም

ፍሪሲዮን የሚይዘው ቶርክ የአራት ነገሮች ብዜት ነው፦ የዲስኩ ሁለት ፊት፣ የሽፋኑ ሰበቃ መጠን፣ የመጫኛው ሰሃን ጫና፣ እና የሽፋኑ አማካይ ራዲየስ። በምሳሌ እንየው። ዲስኩ በውጭ 200፣ በውስጥ 130 ሚሊሜትር ከሆነ አማካይ ራዲየሱ 82.5 ሚሊሜትር ነው። የሰበቃው መጠን 0.3፣ ጫናው 4000 ኒውተን ቢሆን 198 ኒውተን ሜትር ይይዛል። ከ175 ስለሚበልጥ የሚበቃ ይመስላል። ነገር ግን ዲስኩ ሲግል ሰበቃው ይቀንሳል፤ 0.25 ሲደርስ የመያዝ አቅሙ 165 ይሆናል፣ ያኔ መንሸራተት ይጀምራል። ሲንሸራተት የበለጠ ይግላል፣ ሲግል የበለጠ ይንሸራተታል። በአንድ አቀበት ላይ ደህና የነበረ ፍሪሲዮን ተቃጥሎ የሚወርደው እንዲህ ነው።

ከ1994 ጀምሮ የመጣው የባለ 1.8 ሊትሯ ፍሪሲዮን 215 ሚሊሜትር ነው። ውስጡ 145 ቢሆን አማካይ ራዲየሱ 90 ይሆናል። ጫናው 4500 ኒውተን የሆነ ትንሽ የጠነከረ መጫኛ ሲጨመርበት፣ በዚያው 0.3 ሰበቃ 243፣ ሲግል 202 ኒውተን ሜትር ይይዛል። የሚፈለገው ይኸው ነው፤ ከዚህ በላይ መሄድ ትርፉ የከበደ ፔዳል ብቻ ነው።

የ1.8ቱ ፍሪሲዮን በ1.6ቱ ፍላይዊል ላይ አይገጥምም። ጋራዥ ቤት ቮላኖ የሚባለውን፣ በክራንክ ሻፍቱ ጫፍ ላይ የሚዞረውን ከባድ ሰሃን፣ ፍላይዊሉን ራሱን ከ1.8ቱ መውሰድ ያስፈልጋል፤ እሱ በ1.6ቱ ክራንክ ሻፍት ላይ ይገጥማል፣ የዲስኩ ጥርስም ከካምቢዮው ዘንግ ጋር ይስማማል። ስለዚህ ፍላይዊል፣ ዲስክና መጫኛ ሦስቱም ከ1.8 ይሁኑ።

ስለ ዲስኩ ዓይነት ምክራችን ግልጽ ነው፦ ለመንገድ መኪና መሃሉ ላይ ስፕሪንግ ያለው ኦርጋኒክ ዲስክ። የሴራሚክ ቁራጮች ያሉት ዲስክ የመያዝ አቅሙ ትልቅ ነው፤ ግን ወይ ይይዛል ወይ ይለቃል፣ መሃል የለውም። መብራት ላይ ሲነሱ መኪናዋ ትንቀጠቀጣለች፣ እያንዳንዱ አያያዝም እንደ መዶሻ ዲፈረንሻሉን ይመታል። ኬቭላር ለስላሳ ነው፣ ነገር ግን ማላመጃው ረጅም ነው፤ አንዴ ከተቃጠለም ወደ ነበረበት ላይመለስ ይችላል። መጫኛውንም ከሚገባው በላይ የጠነከረ አይግዙ። ፔዳሉ በተረገጠ ቁጥር ያ ጫና ክራንክ ሻፍቱን ወደ ፊት ይገፋል፤ ሥራው ሁሉ በክራንኩ የግፊት ኩሽኔታና በትንሹ የሃይድሮሊክ ሲሊንደር ላይ ይወድቃል።

ቀላል ፍላይዊል የሚፈልግ ሰው ከብረት ዘንግ ተቆርጦ የተሠራውን ይግዛ። ከቀለጠ ብረት በቅርጽ የተሠራውን የፋብሪካ ፍላይዊል ቶርኖ ላይ ማሳሳት አደገኛ ነው፤ በከፍተኛ ዙር ሊበታተን ይችላል፣ የሚበታተነውም ከአሽከርካሪው እግር አጠገብ ነው።

ከመፍታት በፊት የሚደረግ ምርመራ

መጀመሪያ ቀጥ ያለ ባዶ መንገድ ላይ፣ በአራተኛ ማርሽ በ2500 ዙር ነዳጁን እስከ መጨረሻ ይርገጡ። የዙር መቁጠሪያው ከፍጥነቱ ቀድሞ ከሮጠ ፍሪሲዮኑ ሳይጠናከርም አልቋል። የእጅ ፍሬን ይዞ ፍሪሲዮን የመልቀቁን ፈተና አናበረታታም፤ የሚፈትነውን ዕቃ ያቃጥላል።

ቀጥሎ የክራንኩን ፑሊ ይመልከቱ፤ ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተሠሩት ሞተሮች አጭር አፍንጫ የሚባለው ክራንክ ሻፍት አላቸው፤ ፑሊው ላይ 4 ክፍተት ይታያል። የተሻሻለው ረጅም አፍንጫ 8 ክፍተት አለው። የአጭሩ ድክመት ፑሊውን የሚይዘው ቁልፍና የቁልፉ ቦይ ነው፤ ብሎኑ ከላላ ቦዩ ይበላል፣ ፑሊው ይወላገዳል፣ የሞተሩ ሰዓት ይዛባል። ሱፐርቻርጀሩ የሚዞረው ከዚያው ፑሊ በሚመጣ ቺንጋ ስለሆነ ጭነቱ በቀጥታ እዚያ ላይ ያርፋል። ሞተሩ እየሠራ ፑሊውን ከፊት ይመልከቱ፤ ከተወላገደ ብሎኑን ፈትተው ቁልፉንና ቦዩን ይመርምሩ። ቦዩ የተበላ አጭር አፍንጫ ላይ ሱፐርቻርጀር አይገጠምም። ጤናማ ከሆነ ብሎኑ ከ108 እስከ 118 ኒውተን ሜትር ይጠበቃል። ረጅሙ አፍንጫ ከዚህ በላይ ስለሚጠበቅ የሁለቱን ቁጥር አያቀላቅሉ።

በመጨረሻ ዲፈረንሻሉን ያዳምጡ። ነዳጅ ሲረገጥና ሲለቀቅ የሚለዋወጥ ጩኸት፣ ወይም ከኋላ የሚሰማ ኳ የሚል ድምፅ ካለ፣ በዚያ ላይ ቡስት መጨመር የሚሰበርበትን ቀን ማቅረብ ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

የ1.8 ፍሪሲዮን ሙሉ ኪት (ዲስክ፣ መጫኛ ሰሃን፣ የመልቀቂያው ኩሽኔታ፣ ፍላይዊሉ መሃል የሚገባው ትንሹ ኩሽኔታና ዲስኩን መሃል የሚያስይዘው ፕላስቲክ)፣ የ1.8 ፍላይዊል፣ የክራንኩ የኋላ የዘይት ሲል (ዘይት እንዳይፈስ የሚከላከል ቀለበት)፣ የካምቢዮው የፊትና የኋላ ሲል፣ የፍሪሲዮን የላይኛውና የታችኛው ሲሊንደር ከማገናኛ ቱቦው ጋር፣ የማርሽ ዘንጉ ሁለት የጎማ ሽፋኖች። ዘይት፦ ለካምቢዮ 75ደብልዩ-90 ጂኤል-4 ወደ 2 ሊትር፣ ለ1.8ቱ ዲፈረንሻል ጂኤል-5 1 ሊትር፣ ለሃይድሮሊኩ ዶት 3 ወይም ዶት 4 ግማሽ ሊትር። የፍሬን ማጽጃ፣ ሞሊብዲነም ግሪስ፣ የብሎን ጥርስ ማሸጊያ ሙጫ፣ የታመነ ቶርክ መፍቻ። ካምቢዮው ውስጥ ጂኤል-5 ባይገባ እንመርጣለን፤ በውስጡ ያለው የድኝ ቅመም ከነሐስ የተሠሩትን የማርሽ ማስማሚያ ቀለበቶች ሊጎዳ ይችላል።

ካምቢዮውን ማውረድ

የባትሪውን ኔጌቲቭ ይንቀሉ። መኪናዋን በአራት ማቆሚያ ላይ ቢያንስ 50 ሴንቲሜትር ከፍ ያድርጉ፤ ካምቢዮው ከ30 ኪሎ በላይ ስለሆነ ከሥሩ ሆኖ ለማውጣት ቦታ ያስፈልጋል። በክሪክ ብቻ ከቆመች መኪና ሥር ማንም አይግባ።

ከላይ ይጀምሩ። የማርሽ ዘንጉን የያዙትን ሦስት ባለ 10 ብሎኖች ፈትተው ዘንጉን ከነዘይቱ ያውጡ፣ ቀዳዳውን በንጹሕ ጨርቅ ይድፈኑ። የስታርተሩ የላይኛው ብሎን ከላይ በረጅም ማራዘሚያ ነው የሚደረሰው፤ ለእሱ ትዕግሥት ይያዙ።

ከሥር፦ የካምቢዮውን ዘይት ያፍስሱ፣ የጭስ ማውጫውን መሃለኛ ቱቦ ያውርዱ። ጉልበቱን ከካምቢዮው ወደ ኋላ የሚወስደው ፕሮፔለር ሻፍት ከዲፈረንሻሉ ጋር በተገናኘበት ፍላንጅ ላይ በቀለም ምልክት ያድርጉ፤ ያለ ምልክት ተመልሶ ከተገጠመ መንቀጥቀጥ ሊፈጥር ይችላል። አራቱን ብሎኖች ፈትተው ሻፍቱን ወደ ኋላ ይሳቡ። የፍጥነት መለኪያውን ገመድ፣ የኋላ ማርሽና የዜሮ ማርሽ ሶኬቶችን ይንቀሉ። የታችኛውን የፍሪሲዮን ሲሊንደር በሁለት ብሎን ፈትተው ወደ ጎን ይሰሩት።

አሁን ካምቢዮውን ከዲፈረንሻሉ ጋር የሚያገናኘው ረጅሙ የአሉሚኒየም ወጋግራ ይመጣል። ሳይፈታ በፊት ካምቢዮው በክሪክ ይደገፍ፤ ወጋግራው ከኋላ የሚደግፈው እሱ ብቻ ነው። የካምቢዮውን ጫፍ ቁመት ከመኪናዋ ወለል አንጻር ለክተው ይጻፉ፣ ሲመለስ ያ ቁጥር ያስፈልጋል። የሽቦ ማያያዣዎቹን ከወጋግራው ይንቀሉ። በዲፈረንሻሉ በኩል ያለው ቱቦ መሰል ስፔሰር ብዙ ጊዜ ይጣበቃል፤ ዝገት ማላቀቂያ ነፍተው ማታውን ማሳደር በመዶሻ ከመምታት ይሻላል።

ወጋግራው ሲወጣ የካምቢዮው ጀርባ ቀስ ብሎ ይውረድ፣ ግን ከመጠን በላይ አይውረድ። ሞተሩ ወደ ኋላ ሲጋደል ከሲሊንደር ራስ ጀርባ ያለው የካም ማዕዘን ሴንሰር ከሞተር ክፍሉ የኋላ ግድግዳ ጋር ይጋጫል፤ ሴንሰሩ በቀላሉ ይሰበራል። አንድ ሰው ከላይ ሆኖ ይከታተል። ከዚያ ደወሉን (ፍሪሲዮኑን የሚሸፍነውን የካምቢዮውን የፊት ክፍል) ከሞተሩ ጋር የያዙትን ብሎኖች ይፍቱ፤ ርዝመታቸው ስለሚለያይ ካርቶን ላይ በቅርጻቸው ይሰኳቸው። ካምቢዮው ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ይሳብ። ዘንጉ ዲስኩ ላይ እንዲንጠለጠል ከተተወ ዲስኩን ያጣምመዋል።

ፍላይዊልና ፍሪሲዮን

አሮጌው ሲወጣ ያንብቡት። ዲስኩ በዘይት ከረጠበ ጥፋቱ የኋላ ሲሉ ነው፤ ሲሉ ሳይቀየር አዲሱ ዲስክ የአሮጌውን ዕጣ ያገኛል። የመጫኛው ጣቶች ያለ እኩልነት ከተበሉ የመልቀቂያው ኩሽኔታ ወይም እሱን የሚገፋው ሹካ ተጣሟል። ሰማያዊ ነጥቦች ያሉት ፍላይዊል ግሏል።

የኋላውን ሲል ሲቀይሩ ከንፈሩን በዘይት ይቀቡ፣ ከቤቱ ጠርዝ እኩል እስኪሆን ዙሪያውን ቀስ እያሉ ይግፉት። ከዚያ ወደ ውስጥ ጠልቆ ከገባ ያፈሳል። ያገለገለ የ1.8 ፍላይዊል ከሆነ ፊቱ ይላግ፤ የገጹ መወላገድ ከ0.2 ሚሊሜትር መብለጥ የለበትም። ትንሹ ኩሽኔታ በፍላይዊሉ መሃል አዲስ ይግባ፣ ዋጋው ትንሽ ነው፣ እሱን ለመቀየር ግን ካምቢዮ ማውረድ ያስፈልጋል።

ፍላይዊሉን የሚይዙት 6 ብሎኖች ጥርስ ወደ ሞተሩ ዘይት ቤት ያልፋል። ስለዚህ ጥርሱ በፍሬን ማጽጃ ይታጠብ፣ ማሸጊያ ሙጫ ይቀባ። ሙጫው ከተረሳ ዘይት በብሎኖቹ ጎን እየሾለከ ዲስኩ ላይ ይደርሳል፣ ሰውም ሲሉን ይወቅሳል። በኮከብ ቅርጽ፣ በሦስት ዙር፣ መጨረሻ ላይ ከ96 እስከ 103 ኒውተን ሜትር ያጥብቁ።

የፍላይዊሉንና የመጫኛውን ፊት በፍሬን ማጽጃና በንጹሕ ጨርቅ ያጽዱ፤ አዲስ መጫኛ የሚመጣው ዝገት መከላከያ ዘይት ተቀብቶ ነው። ዲስኩን ሲያስገቡ ስፕሪንጎቹ የወጡበት ጎን ወደ ካምቢዮው ይዙር። በተቃራኒው ከገባ ስፕሪንጎቹ የፍላይዊሉን ብሎኖች ይነካሉ፣ ፍሪሲዮኑም አይለቅም። በፕላስቲኩ መሃል አስይዘው የመጫኛውን ብሎኖች በእጅ ያስገቡ፣ ከዚያ እያንዳንዱን በግማሽ ዙር እየቀያየሩ ያጥብቁ፤ መጨረሻው ከ18 እስከ 26 ኒውተን ሜትር ነው። አንዱን ጎን ቀድሞ ማጥበቅ ሰሃኑን ያጣምመዋል፤ ውጤቱ ሲነሱ መንቀጥቀጥ ነው።

በካምቢዮው በኩል የፊት ሲሉን ይቀይሩ። በሹካው መቆሚያ፣ ኩሽኔታው በሚንሸራተትበት እጅጌና በዘንጉ ጥርስ ላይ ሞሊብዲነም ግሪስ በጣም ስስ አድርገው ይቀቡ። ጥርሱ ላይ የበዛ ግሪስ በዙር ኃይል ተበትኖ ዲስኩ ላይ ያርፋል።

መመለሱ የማውረዱ ግልባጭ ነው። ካምቢዮው የመጨረሻውን ጣት ያህል እምቢ ካለ በብሎን ጎትተው አያስገቡት፤ ዲስኩ መሃል አልያዘም ማለት ነው፣ ወይም ዘንጉ ትንሽ መዞር ይፈልጋል። ማርሽ ውስጥ አስገብተው የኋላውን ጫፍ እያዞሩ ይግፉ። የደወሉ ብሎኖች ከ64 እስከ 89፣ የወጋግራው ከ104 እስከ 123፣ የፕሮፔለር ሻፍቱ ፍላንጅ ከ27 እስከ 30 ኒውተን ሜትር ይጠበቃሉ። ወጋግራውን ከማጥበቅዎ በፊት የጻፉትን ቁመት ይመልሱ። የካምቢዮው ጫፍ ከወረደ ወይም ከወጣ የፕሮፔለር ሻፍቱ ክሮቼራዎች (ተጣጣፊ መገጣጠሚያዎች) ማዕዘን ይዛባል፣ ከ90 ኪሎሜትር በሰዓት በላይ ወለሉ ይንቀጠቀጣል። የማርሽ ዘንጉ ቤት ራሱን የቻለ ከ80 እስከ 90 ሚሊሊትር ዘይት ይፈልጋል፤ የጎማ ሽፋኖቹን ሲቀይሩ እሱንም ይሙሉ።

ሃይድሮሊኩ

የዚህች መኪና የታችኛው ሲሊንደር ያለ ሱፐርቻርጀርም ቶሎ የሚያረጅ ዕቃ ነው። የአቧራ ጎማውን ገለጥ አድርገው ሲያዩ እርጥበት ካለ አልቋል። የላይኛውንና የታችኛውን አብረው ይቀይሩ፤ አንዱ ብቻ አዲስ ከሆነ አሮጌው በአዲሱ ግፊት ቀጥሎ ያፈሳል።

አየሩን ለማስወጣት ሁለት ሰው ይበቃል፦ አንዱ ፔዳሉን ይጫናል፣ ሌላው የታችኛውን መክፈቻ በባለ 8 መፍቻ ከፍቶ ፈሳሹን በቱቦ ወደ ጠርሙስ ያስወጣል፣ ፔዳሉ ሳይለቀቅ ይዘጋል። አረፋው እስኪጠፋ ይደጋገማል፤ ማጠራቀሚያው በመሃል እንዳይደርቅ።

ከዚያ በፔዳሉና በላይኛው ሲሊንደር መካከል ባለው ዘንግ ላይ ትንሽ ነፃ እንቅስቃሴ መኖሩን ያረጋግጡ። ዘንጉ ሁልጊዜ ፒስተኑን የሚገፋ ከሆነ ፈሳሹ ወደ ማጠራቀሚያው የሚመለስበት ቀዳዳ ይደፈናል፤ ሞተሩ ሲሞቅ ፈሳሹ ይስፋፋል፣ ፍሪሲዮኑን በትንሹ ተጭኖ ይይዘዋል። አዲስ ፍሪሲዮን ከ20 ደቂቃ በኋላ የሚንሸራተት ከሆነ መጀመሪያ ይህን ይመልከቱ፣ ካምቢዮውን ለማውረድ አይቸኩሉ።

ዲፈረንሻሉ

የ1.6ቱ ዲፈረንሻል ዋና ማርሽ ወደ 6 ኢንች ነው፣ የ1.8ቱ ወደ 7 ኢንች። የትንሹ ማርሾች ሱፐርቻርጀር ያለበትን ጠንካራ አነሳስ ብዙ አይታገሱም። ጥሩው ዜና የ1.8ቱ ሙሉ ዲፈረንሻል በ1.6ቱ ላይ ያለ ብየዳ መግጠሙ ነው። ሲገዙ ግን ሦስት ነገር አብሮ ይግዙ፦ ዲፈረንሻሉን ከነቤቱ፣ ሁለቱን የጎን አክስሎች፣ ፕሮፔለር ሻፍቱን። ፍላንጁና የአክስሎቹ መግቢያ ይለያያሉ፤ የ1.8ቱ አክስል ውጭኛ ጫፍ ግን በ1.6ቱ የጎማ ሃብ ውስጥ ይገባል።

ከተቻለ ቶርሰን የሚባለው፣ የአንድ ጎማ መንሸራተትን የሚገድበው ዓይነት፣ ያለበትን ይምረጡ፤ ሁለቱንም ጎማ አንድ ላይ ስለሚያሠራ ጉልበቱ በአንድ ጎማ ጭስ ሆኖ አይቀርም። ሻጩ ቶርሰን ነው ካለ አክስሎቹ በወጡበት ቀዳዳ ባትሪ አብርተው ይመልከቱ፦ መሃሉን የሚያቋርጥ ወፍራም ፒን ከታየ ተራ ዲፈረንሻል ነው፣ ቶርሰን ውስጥ ያ ፒን የለም።

የአክስሉ ዳዶ ባለ 29 ነው፤ የተቀጠቀጠውን ከንፈር በመሮ ያስተካክሉ፣ ጎማው መሬት ላይ እያለ ያላሉት። ሲመለስ አዲስ ዳዶ ይግባ፣ ከ216 እስከ 294 ኒውተን ሜትር ይጠበቅ፣ ከንፈሩ እንደገና ይቀጥቀጥ። ዲፈረንሻሉን የያዙት ጎማዎች ከተሰነጠቁ አብረው ይቀየሩ፤ የላላ ጎማ ያለበት ዲፈረንሻል ሲነሱ ይዘላል፣ ያ ዝላይ ነው አክስል የሚሰብረው። ጠንካራ የላስቲክ ጎማ ከፖሊዩረቴን የተሻለ ምርጫ ነው፤ ፖሊዩረቴኑ የማርሹን ድምፅ ሁሉ ወደ መኪናዋ ውስጥ ያመጣዋል። የሞተር መቀመጫ ጎማዎችም ዕድሜያቸው ያው ነውና ይታዩ።

የ1.6ቱ መጨረሻ ምጥጥን 4.3 ነው፣ የመጀመሪያው 1.8 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ 4.1። የፍጥነት መለኪያው የሚለካው ከካምቢዮው ስለሆነ ከለውጡ በኋላ ወደ 5 በመቶ ዝቅ አድርጎ ያሳያል፦ መለኪያው 100 ሲል መኪናዋ 105 ላይ ናት። የመለኪያው ትንሽ ማርሽ ካልተቀየረ ቅጣቱን የሚከፍለው አሽከርካሪው ነው።

አምስት ማርሽ ያለው ካምቢዮ ራሱ በ175 ኒውተን ሜትር አይጨነቅም። ሦስተኛ ማርሹ የሚሰጋለት ቡስቱ ከዚህ በጣም ሲያልፍ፣ በተለይ ማርሽ በኃይል ሲቀየር ነው።

ማላመድ

ሱፐርቻርጀሩ ቢገጠምም ባይገጠምም የመጀመሪያዎቹ 800 ኪሎሜትሮች ያለ ቡስት ይሁኑ። ገጣጥመው ከጨረሱ የሱፐርቻርጀሩን ቺንጋ በኋላ ማስገባት ይቻላል፣ ወይም ነዳጁን ከግማሽ በላይ አለመርገጥ። ቁጥሩ የሚቆጠረው ከተማ ውስጥ ነው፤ ዲስኩና ፍላይዊሉ የሚላመዱት ሲነሱና ሲቆሙ ነው፣ አውራ ጎዳና ላይ በአምስተኛ ማርሽ 800 ኪሎሜትር መንዳት ፍሪሲዮኑን ምንም አላስተማረውም። በዚያ ጊዜ ውስጥ አልፎ አልፎ የሚሸት ሽታ የተለመደ ነው፣ በየአነሳሱ የሚሸት ግን አይደለም።

ከ200 ኪሎሜትር በኋላ ከሥር ገብተው ይመልከቱ፦ በደወሉ ግርጌ የዘይት ጠብታ፣ በታችኛው ሲሊንደር ጎማ ውስጥ እርጥበት፣ የወጋግራውና የፍላንጁ ብሎኖች መላላት። የዲፈረንሻሉን ዘይት በ800 ኪሎሜትር ይለውጡ፤ ማግኔቱ ላይ ስስ ግራጫ ጭቃ ይጠበቃል፣ በጣት የሚያዝ ቁራጭ ብረት ከተገኘ ግን ቺንጋው ሳይገባ ይከፈት።

ከዚያ ያ የአራተኛ ማርሽ ፈተና በ2500 ዙር እንደገና ይደረግ፣ መጀመሪያ ያለ ቡስት፣ ቀጥሎ በቡስት። የዙር መቁጠሪያውና የፍጥነት መለኪያው አብረው ከወጡ ወደ ነዳጅና ሰዓት ማስተካከያው መሄድ ይቻላል።